የማይከፈት ብራና

የካቲት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.
አንኮበር

ይድረስ ለልጄ ለሥርጉት አንዳርጌ፤ ደብረ ብርሃን።

ሰላምታውን እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ ያሳምሩልሽ ብዬ ነበር፤ «አንተው ተናገር፣ እኔ የምጽፈው የሰማሁትን ነው» አሉኝ። እንግዲህ ጉልበቴ እንደምታውቂው ነው። ገብሱ ተከቷል። ላሚቱ ወልዳለች። ሰላም ግን አይደለሁም፤ ሰላም ያጣ ሰው ሰላምታ አያምርበትም።

ለምን አልደወልክም እንዳትዪኝ። እዚህ ኔትወርክ የሚገኘው ጉብታው ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ ሰው እንደ ወፍጮ ቤት ተራ ይዞ ነው የሚያወራው። እኔ ጆሮዬ ስለደከመ ስናገር እጮሃለሁ። ይህን ነገር አንድ ጊዜ ከጮህኩት ሠርግ የለም። በደብዳቤ ይሁን። የምታደርስልሽ ማኅደረማርያም ናት፤ ቅዳሜ እንቁላሏን ይዛ ገበያ ትወጣለች፣ እህቷ ዘንድ አድራ እሑድ ትመለሳለች። ማንበብ አትችልም። ለዚህ ነው የመረጥኳት።

ሽሮው ውስጥ እጅሽን ክተቺ። በጨርቅ የተቋጠረች፣ ጣት የማታህል ነገር ታገኛለሽ። ፍላሽ ነው የሚሏት።

ነገሩ ይህ ነው። የእየሩሳሌምሽ እጮኛ የመልካሙ አባት፣ የኃይለኢየሱስ አክስት፣ የእናቱ እህት፣ መዘዞ አገር ሞታ፣ እንደ አማች ደንብ ለቅሶ ሄጄ ነበር። አልቃሿ የሟችን ዘር እየጠራች ታስለቅሳለች። «የደመቀች የልጅ ልጅ፣ ካንኮበር የመጣችው፣ የዘርአ ዳዊት አጥንት» ስትል ሰማኋት። ጆሮዬ ደክሟል ብያለሁ፤ ያንን ግን ሰማሁት። የተቀመጥኩበት ድንጋይ ከሥሬ የሄደ መሰለኝ።

ዘርአ ዳዊት የእኔ ቅድመ አያት ነው። ቁጠሪ። እየሩሳሌም አንድ፣ አንቺ ሁለት፣ እኔ ሦስት፣ አባቴ ፍሥሐ አራት፣ አያቴ ወልደአረጋይ አምስት፣ ዘርአ ዳዊት ስድስት። በዚያ በኩል መልካሙ አንድ፣ ኃይለኢየሱስ ሁለት፣ እናቱ ሦስት፣ አባቷ አራት፣ ደመቀች አምስት። ስድስተኛው ያው የእኛው ዘርአ ዳዊት ከሆነ ልጆቹ በስድስት ቤት ይገናኛሉ። ሰባት ቤት ሳይሞላ ዘመድ ከዘመድ አይጋባም። ይህን ለአንቺ አላስተምርሽም።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ሽማግሌ ተቀምጦ ዘር ሲቆጠር፣ የኃይለኢየሱስ እናት ላይ ስንደርስ ከአባቷ በላይ የሚያውቅ ጠፋ። «ይጠየቅ፣ ሳምንት እንቆይ» አሉ። «የዚህን አገር አጥንት እኔ አውቀዋለሁ፤ ይለፍ» ያልኩት እኔ ነኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፣ ዘር ግን ቆጥሬ ስቼ አላውቅም ብዬ ነው። ቆጠራውን አባቴ ነው ያስተማረኝ። አያቴ እንኳ ዘር መቆጠር ሲጀመር «ከብቶቹን ልይ» ብሎ የሚወጣ ሰው ነበር፤ ወሬ አይወድም።

ዘርአ ዳዊት የሚባል ሰው ግን በየአገሩ አለ። የመዘዞዎቹ ሌላ ሊሆን ይችላል። እውነቱ ያለው በደብራችን ትልቅ ብራና የመጨረሻ ገጾች ላይ ነው። የድሮ ሰዎች የዘርአ ዳዊትን ልጆችና የርስቱን ድልድል እዚያ አስጽፈውታል። ብራናው ጣራው ያፈሰሰ ጊዜ ርሶ ተጣብቋል፤ ይገለጥ ቢባል ይቀደዳል። ከመርጠቡ በፊት ግን የድሮ መጽሐፍ ፎቶ የሚያነሱ ሰዎች መጥተው ነበር። ገጽ በገጽ አንስተው፣ ቅጂውን በዚህች ፍላሽ ለመሪጌታ ቴዎፍሎስ ሰጡት። እሱ ሲሞት ለእማሆይ ተወላቸው። እስከ ትናንት በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ነበረች።

ቤትሽ ባለው ኮምፒውተር ክፈቻት። መጨረሻውን አንብቢና ደመቀች የማን ልጅ እንደሆነች፣ የት እንደተዳረች ንገሪኝ። ሱቅ ወስደሽ እንዳታስከፍቺ፤ መልካሙ ራሱ ሥራው ኮምፒውተር መጠገን ነው፣ የከተማው ጠጋኝ ሁሉ ጓደኛው ነው። ለእሱ እንዳትነግሪ። ለእየሩሳሌም ከነገርሽ አባትሽ አይደለሁም።

ሠርጉ ሚያዝያ 26 ነው። ቀኑን ያወጣሁት እኔው ነኝ።

አባትሽ አንዳርጌ ፍሥሐ። ጣቴን አሳርፌበታለሁ።


የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.
ደብረ ብርሃን

ለውድ አባቴ፣

ሽሮው ደርሶኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን ያነበብኩት ኩሽና ቆሜ ነው። እየሩሳሌም ሳሎን ተቀምጣ የሠርጉን ጥሪ ካርድ በፖስታ እየከተተች ነበር። «አባባ ምን አሉ?» አለችኝ። «ጉልበታቸውን አሟቸዋል» አልኳት። «ለሠርጌ አዝለን እናመጣቸዋለን» ብላ ሳቀች።

ዛሬ እሷ ቅዳሴ ስትሄድ ራሴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። በሩን ቆልፌ ፍላሹን ሰካሁት። አንድ ፋይል ብቻ አለበት፤ ምልክቱ ነጭ ወረቀት ነው። ስከፍተው «በምን ልክፈተው?» ይላል። ደብዳቤ በምንጽፍበት ፕሮግራም ክፈተው አልኩት፤ የተበተነ ጤፍ የመሰለ ነገር ገጽ ሙሉ አፈሰሰብኝ። ፒዲኤፍ በሚከፍተው ሞከርኩ፤ የማላውቀው ዓይነት ነው ብሎ መለሰው። ትምህርት ቤት ሃያ ዓመት በጸሐፊነት ስሠራ እንዲህ ያለ ፋይል አላየሁም። የስሙ ጭራ አራት የፈረንጅ ፊደል ነው። እነሱን በወረቀት ጽፌ መሥሪያ ቤት ሰው እጠይቃለሁ። ፋይሉን ለማንም አላሳይም።

የግቢው በር በተንኳኳ ቁጥር ፍላሹን እየነቀልኩ እቅፌ ውስጥ እከተዋለሁ። እንደ ሌባ ሆንኩ፣ አባባ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ለብቻው በሌላ ወረቀት ጽፌዋለሁ። እማሆይ አንብበውልዎ ሲያበቁ ያቃጥሉት።

ልጅዎ ሥርጉት


መጋቢት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.
አንኮበር

ይድረስ ለሥርጉት።

ሁለተኛውን ወረቀት እማሆይ አንብበውልኝ ምድጃ ውስጥ ከተውታል። መልሴ አይሆንም ነው።

አልቃሿን እንዳልሰማሁ ሆኜ ዝም ማለት እንደምችል አንቺ አትነግሪኝም። ዝም ማለትማ ድንጋይም ይችላል። የሠርጉ ዕለት ሁለቱ መጥተው ጉልበቴን ሲስሙ ግን ምን ብዬ ልመርቃቸው? አፌ ውለዱ ክበዱ ይላል፤ ሆዴ አትውለዱ ይላል። ልጅ ተወልዶ ትኩሳት በያዘው ቁጥር፣ እግሩ ትንሽ ባነከሰ ቁጥር፣ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ እያልኩ ልሙት? ሳላውቅ ቢሆን አንድ ነገር ነው። አሁን ሰምቻለሁ።

አልቃሿ ጠጥታ ይሆናል ብለሻል። በጾም?

ማክሰኞ መልካሙ መጥቶ ነበር። አንቺ የላክሽው መስሎኝ ደነገጥኩ። ለካ በገዛ ፈቃዱ ነው፤ ከደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ አምጥቶልኛል፣ ዝም ብሎ የነበረውን ሬዲዮዬንም ፈታቶ አናገረው። ሲሄድ «አባባ፣ አስቀየምኩዎ እንዴ? አያዩኝም» አለኝ። ጉልበቴን አሞኝ ነው አልኩት። ጉልበቴ የቤተሰቡ ውሸት ሁሉ ማረፊያ ሆኗል። ልጁ ጥሩ ልጅ ነው። ጥሩ መሆኑ ነው የከፋው። መጥፎ ቢሆንማ ምክንያት ፈልጌ አባርረው ነበር።

ስለ ፋይሉ የጻፍሽውን እማሆይ ሦስት ጊዜ አነበቡልኝ። የገባኝን ልንገርሽ። ኮምፒውተርሽ አላበደም፤ የዚህን መጽሐፍ ንባብ አልተማረም። ዳዊት ለእኔ ብትሰጪኝ እኔስ ምን አደርገዋለሁ? ላይ ታች አገላብጬ እመልስልሻለሁ። አንባቢ አምጪለት። የዚያን ዓይነት መጽሐፍ የሚያነብ ፕሮግራም የሆነ ቦታ ይኖራል፤ መጽሐፍ ጽፎ አንባቢ የማያዘጋጅ የለም።

(እማሆይ ነኝ። ይህን ሲናገር ፊቴን እያየ ነው፤ ያለ እኔ ምን እንደሚሆን ያወቀው ዛሬ ነው መሰለኝ።)

ከራሳቸው የጨመሩትን «ሰርዣለሁ» ብለውኛል። ሰርዘው እንደሆነ አንቺ ታዪዋለሽ።

አባትሽ አንዳርጌ


መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
አንኮበር

ይድረስ ለሥርጉት።

አንባቢው መገኘቱን ሰማሁ። የድሮ መጻሕፍት ፎቶ በዚያ ዓይነት እንደሚቀመጥ፣ የራሱ መክፈቻ ፕሮግራም እንዳለው የነገሩሽን ሰዎች እግዚአብሔር ይባርካቸው። ከመሥሪያ ቤት አውርደሽ ማምጣትሽም ጥሩ አድርገሻል።

አሁን ደግሞ ልጫነው ስትዪ የባለቤቱን ፓስወርድ ስጪኝ አለሽ፤ ባለቤቱ ደግሞ መልካሙ ነው። ኮምፒውተሩን ገዝቶ አስተካክሎ ያመጣው እሱ ስለሆነ ያለ እሱ ፈቃድ አዲስ ነገር አይገባበትም። ይህን ስሰማ ሳቅኩ። እማሆይ አበድክ እንዴ ብለው ብዕራቸውን አስቀመጡ። እንዴት አልስቅ? የደብራችን ዕቃ ቤት ሦስት ቁልፍ አለው፤ አንዱ ከቄሰ ገበዙ፣ አንዱ ከደብሩ አለቃ፣ አንዱ ከምእመን ወገን። ሦስቱ ካልተገናኙ አይከፈትም። ሌባ እንዳይገባ ነው። እኛ ዛሬ እዚያ በር ላይ የቆምን ሌቦች ነን፤ ቁልፉ ደግሞ በምንሰርቀው ልጅ ኪስ ነው።

እየገመትኩ ልሞክር ወይ ላልሽው፣ አትሞክሪ። ደጋግመሽ ስተሽ ቢቆለፍብሽ ማን ነካው ይባላል። እየሩሳሌም ታውቀው የለ? ጠይቂያት። ለአባባ ደብዳቤ ማተሚያውን ላስገጥም ነው በያት። ውሸቱን በእኔ ስም ጻፊው፤ ኃጢአቴ ላይ ቢጨመር ልዩነት የለውም።

ከዚህ ሌላ የጠየቅሽኝን አልመልስም። ስለዚያ ሰው ሠላሳ ዓመት አላወራንም። አሁን ምን አነሳሽ?

አባትሽ አንዳርጌ


መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.
አንኮበር

ይድረስ ለሥርጉት።

ፓስወርዱ የሠርጋቸው ቀን መሆኑን እማሆይ ሲያነቡልኝ አቁሙ አልኳቸው። ወጥቼ ግቢው ውስጥ ትንሽ ቆሜ ተመለስኩ። እኔ ያወጣሁትን ቀን ልጁ መቆለፊያ አደረገው።

እንግዲህ በሩ ተከፍቶልሽ ፕሮግራሙ መጫን ጀመረ፤ ግማሽ ደርሶ «ለዚህ ኮምፒውተር አልሆንም» ብሎ ተመለሰ። አራት ጊዜ ደጋገምሽው፤ አራቱንም ጊዜ እዚያው ላይ። ኮምፒውተሩ እየተበላሸ ይመስልሻል፣ ፍርድ ይመስልሻል፣ እግዚአብሔር እንዳታዪ ከለከለሽ ይመስልሻል። ልጄ፣ አርሼ ያደግሁ ሰው ነኝ። በሬ አልሄድም ሲል ሞኝ ጅራፍ ያነሳል። ብልህ ወርዶ ቀንበሩን ያያል። የትልቅ በሬ ቀንበር በወይፈን ጫንቃ ላይ ብትጥዪ ወይፈኑ ምን ያድርግ? ኮምፒውተሩ አሮጌ ነው ብለሽኛል። ያመጣሽው ፕሮግራም ለአዲስ፣ ለትልቅ የተሠራ እንዳይሆን ጠይቂ። ለአሮጌ የሚሆን ሌላ ልክ ይኖረዋል። እዚያው አምስተኛ ጊዜ አትሞክሪ።

አሁን ወደዚያ ነገር። አልመልስም ብዬ ነበር፤ አንቺ ግን ግማሹን ደብዳቤ በዚያ ሞላሽው። «ቃለ አብን ያኔ ሊያገባኝ ሲጠይቅ በአምስት ቤት ትገናኛላችሁ ብለው ሲያባርሩት መጽሐፍ ይታይ አላሉም። እኔ ስሆን ቃልዎ በቃ፤ ለልጄ ሲሆን ብራና ይገለጣል» ብለሻል። እማሆይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው ያነበቡት። ጆሮዬ ግን ሰማው።

መልሴን ስሚ። ቃለ አብ የወልደተንሣኤ ልጅ የልጅ ልጅ ነው። ወልደተንሣኤ የዘርአ ዳዊት ልጅ፣ የአያቴ የወልደአረጋይ ወንድም ነው። ይህ ተቆጥሮ የሚያጠራጥር አልነበረም፤ መጽሐፍ አላስፈለገውም። አንቺ አርባ ቀን እህል እንዳልቀመስሽ አውቃለሁ። እናትሽ እስክትሞት አላናገረችኝም ማለት ይቻላል። ቢሆንም ትክክል ነበርኩ። የእየሩሳሌምን አባት ነፍሱን ይማረውና፣ ባገባሽው ጊዜ አንድም ቀን አዝነሽ አላየሁሽም። አላየሁም ነው ያልኩት።

ትክክል ባልሆን ኖሮ ይኸው እጠይቅሽ ነበር፣ ምንድን ነው የሚሉት፣ እሱን።

አባትሽ አንዳርጌ


መጋቢት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.
አንኮበር

ይድረስ ለሥርጉት።

እሑድ ማኅደረማርያም ባዶ እጇን መጣች። «ደብዳቤ የለም ብላኛለች» አለች። ሌላ ምን አየሽ ብዬ ያዝኳት። የመልካሙ ሞተር ሳይክል ደጃፍሽ ቆሞ እንደነበር፣ በሩን የከፈትሽላት ዓይንሽ አብጦ እንደሆነ ነገረችኝ። እንቁላል ሻጭ ይህን ያህል ታያለች፤ እኔ አባትሽ እዚህ ተቀምጬ ምንም አላይም።

ወይ አንብበሽዋል፣ ወይ ነግረሽዋል። የትኛው እንደሚብስ አላውቅም። ሰሞኑን እንቅልፍ ቢወስደኝም አልቃሿ ናት የምትቀሰቅሰኝ።

የሚጻፈውን ጻፊ። ክፉ ከሆነ ለሽማግሌዎቹ ሄጄ «ይለፍ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ሠርጉን ያፈረስኩት እኔ ነኝ» እላለሁ። ለልጅቷ ግን እንዴት እንደምነግራት አላውቅም። አንድ ጊዜ ለሴት ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ተናግሬ ነበር፤ ፊቷን ዛሬም አልረሳሁትም።

(እማሆይ ነኝ። ሥርጉት ልጄ፣ ሰውዬው ምግብ ትቷል። በጾሙ አይደለም። ያለሽን ላኪ።)


መጋቢት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.
ደብረ ብርሃን

ለአባቴ፣

ባለፈው ሳምንት ያልጻፍኩት ስለ ቃለ አብ ያሉትን አንብቤ እጄ እምቢ ስላለኝ ነው፤ ያን ቀን መልካሙ የመጣው ለእየሩሳሌም ነበር፣ ገና ምንም አልነገርኩትም። ይቅር ይበሉኝ። በቅደም ተከተል ልንገርዎ።

የቀንበሩ ነገር እውነት ነበር። ያመጣሁት ፕሮግራም ለአዲስ ኮምፒውተር የተሠራ ነው፤ ለአሮጌ የሚሆነውን ጠይቄ አወረድኩ፣ አንዴም ሳያንገራግር ተጫነ። ፋይሉን ስነካው ብራናው ተከፈተ። ሐረጉ፣ ቀይ ቀለሙ፣ የሰም ጠብታው ሳይቀር ይታያል። አለቀስኩ። ግን አርባኛው ገጽ ላይ ስደርስ ኮምፒውተሩ ቀጥ አለ። አጥፍቼ አስነሳሁት፤ አርባ ላይ ቀጥ። በምሳ ሰዓት እየሮጥኩ እየመጣሁ ሳምንቱን ሙሉ ሞከርኩ። ወደ መጨረሻው ልዝለል ብልም ያው ነው። የምንፈልገው እዚያው ተቀምጦ አያደርሰኝም።

ትናንት ቅዳሜ መልካሙ ለሠርጉ የሚከራየውን ወንበር ሊነጋገር መጣና ኮምፒውተሩ ላይ አዲሱን ምልክት አየ። «እትዬ ሥርጉት፣ ይህን ማን ጫነው?» አለኝ። እንደተለመደው ጉልበትዎ አፌ ላይ መጣ። ከዚያ ደከመኝ፣ አባባ። እየሩሳሌም ሥራ ላይ ነበረች። ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት፤ አልቃሿን፣ ደመቀችን፣ ስድስት ቤቱን። ትእዛዝዎን ጥሻለሁ።

ከቦርሳው ብሎን መፍቻ አወጣ፣ የኮምፒውተሩን ጎን ከፈተ፣ ትንሽ ነገር ጨመረበት። «ሚሞሪው ትንሽ ነው፤ መጽሐፉ ከብዶት ነው» አለ። ሲጨርስ ማውሱን ወደ እኔ ገፋው፤ እኔ ነኝ እስከ መጨረሻው ያወረድኩት። ድሮ ዲያቆን ስለነበር የእጅ ጽሑፉን እሱ አነበበልኝ። የሚለው ይህ ነው፤ ቃል በቃል ገልብጬዋለሁ።

«ዘርአ ዳዊት የወለዳቸው ሁለት ናቸው። ደመቀች፣ መዘዞ የተዳረችው፤ ወልደተንሣኤ፣ አባቱ ቤት የቀረው።»

እዚህ ላይ ቆመ። ደመቀች የእኛዋ ናት ማለት ነው። ውጭ ባጃጅ ጡሩምባ ሲነፋ ሰማሁ። ከዚያ «ገና አላለቀም» አለ።

«ወልደአረጋይን ግን በክፉው ቀን፣ ከብት ባለቀበት፣ ሰው በረገፈበት ጊዜ፣ ከመንገድ ዳር ከሞተች እናቱ ጎን አገኘነው። አገሩም አባቱም አልታወቀ። ከልጆቻችን ጋር አሳደግነው። ርስትም ከእነሱ እኩል ይካፈል ብለናል። ማንም ባዕድ ነህ እንዳይለው በመጽሐፍ አኖርነው።»

አባባ፣ አያትዎ የዘርአ ዳዊት ደም አይደሉም። እኛም አይደለንም። እየሩሳሌምና መልካሙ ዘመድ አይደሉም።

መልካሙ ያለው ይህ ነው፦ «ለአባባ ይንገሯቸው። የአያታቸው ነገር እንዳይታወቅ ከፈለጉ ይህን ገጽ ከፍላሹም ከኮምፒውተሩም አጠፋዋለሁ። ብራናው ተጣብቋል፤ ሌላ ማንም አያየውም። ለመዘዞዎቹ ዘርአ ዳዊት ሌላ ሰው ነው እንላለን።» ለእየሩሳሌም አልነገርናትም። የሚነገረውን የሚወስኑት እርስዎ ነዎት።

አንድ ነገር ቀረ። የወልደተንሣኤን ስም መልካሙ ሁለት ጊዜ አነበበልኝ። ይድገመው ያልኩት እኔ ነኝ። የቀረውን እርስዎ ይቁጠሩት።

ሥርጉት


ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.
አንኮበር

ይድረስ ለልጄ ለሥርጉት።

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ለእየሩሳሌም፣ ለመልካሙም። ይህን ሰላምታ ራሴ ነኝ የተናገርኩት፤ እማሆይ አልጨመሩበትም።

ደብዳቤሽ ከተነበበልኝ በኋላ እማሆይ መጥተው ተቀመጡ፤ ወረቀት አወጡ፤ ወረቀቱን መልሰው ከተቱት። ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። ዛሬ ተናገርኩ።

መጀመሪያ የልጆቹን። የነፍስ አባቴን የማንንም ስም ሳልጠራ ጠየቅኋቸው። ማሳደግ በስድስት ቤት ላይ ጋብቻ አይከለክልም፣ ዝምድናው የእንጀራ ነው እንጂ የደም አይደለም ብለዋል። ሠርጉ በቀኑ ይሁን። እየሩሳሌም ካርዱን ትበትን።

ሁለተኛ፣ መልካሙ ገጹን እንዳያጠፋ። ልጁ ስለ እኔ ብሎ እንዳሰበ ገብቶኛል። ንገሪው፣ አያቴን ከመንገድ ያነሱት ሰዎች በብራና ያስጻፉትን እኔ በፍላሽ አላስጠፋም። ደግሞም ዘርአ ዳዊት ሌላ ሰው ነው ተብሎ የሚቆም ትዳር አልፈልግም። አልቃሽ ነገም አለች፤ ነገም ታለቅሳለች። ያኔ ልጆቹ ልጅ አቅፈው ይሰሙታል።

ስለዚህ ከሠርጉ በፊት የሁለቱን ወገን ሽማግሌዎች ሰብስቢልኝ። እመጣለሁ፤ አዝላችሁኝም ቢሆን። ይለፍ ባልኩበት አፌ እንደገና እቆጥራለሁ። እየሩሳሌም፣ ሥርጉት፣ አንዳርጌ፣ ፍሥሐ፣ ወልደአረጋይ። ከዚያ በላይ ያለው መንገድ ነው እላለሁ።

ፈርቻለሁ፤ አልዋሽሽም። በዚህ አገር ሰው ሲጣላ ወደ እኔ ነው የሚመጣው። ያንተ አጥንት ከየት ነው፣ ያንተስ ብዬ ሰው ሳስነሳና ሳስቀምጥ ሰማንያ ዓመት ሞላኝ። ከእንግዲህ ስቀመጥ ዓይናቸው የት እንደሚያርፍ አውቃለሁ። አያቴ ለምን ከብቶቹን ልይ ብሎ እንደሚወጣ አሁን ገባኝ። ከብቶቹ ተኝተው ሳለ ነበር የሚወጣው። አንድ ቀን ተከትዬው ወጥቼ፣ አጥሩ ሥር ቆሞ መንገዱን ሲያይ አገኘሁት። ምን ታያለህ አያ ስለው «ዝም ብዬ» አለኝ። እኔ ደግሞ እሱን የመሰለ ሰው የለም ብዬ በዘሩ እኩራራ ነበር።

ሦስተኛውን እማሆይ ቀስ ብለው ይጽፉታል።

ቆጠርኩት። የቀረውን ይቁጠሩት ባልሽኝ ዕለት ነው የቆጠርኩት። ቃለ አብ የወልደተንሣኤ ነው፤ ወልደተንሣኤ የዘርአ ዳዊት ነው፤ እኛ ከዘርአ ዳዊት አይደለንም። አምስት ቤት አልነበረም። ሰባት ቤትም አልነበረም። ምንም አልነበረም። ልጁን ከደጄ ያባረርኩት በባዶ ነው። እናቱ ድንጋይ ተሸክማ ስትለምነኝ «አጥንት አይለመንም» ብዬ ያስነሳኋት በባዶ ነው። አንቺን ያን ቀን ጓዳ ገብቼ «ወንድምሽ ነው» ያልኩሽ በባዶ ነው። ብራናው ያኔ አልተጣበቀም ነበር፤ መሪጌታም በሕይወት ነበር፤ ይታይ ብል አንድ ቀን የማይፈጅ ነገር ነው። ያልጠየቅሁት አውቃለሁ ብዬ ነው።

ይቅርታ የሚለውን ቃል በዕድሜዬ አስጽፌ አላውቅም። እማሆይ እንዴት እንደሚጻፍ ያውቃሉ። ይጻፉት። ይቅርታ፣ ሥርጉት።

የሠላሳ ዓመት ነገር በአንድ ቃል አይከፈልም፤ ሞኝ አይደለሁም። አንቺም ይቅር አልኩ ብለሽ ቶሎ እንዳትጽፊልኝ፤ ቶሎ ከመጣ አላምነውም።

ቃለ አብ ደነባ ያስተምራል ሲሉ ሰምቻለሁ። ለእሱም ደብዳቤ ማድረስ አለብኝ፤ ከሽማግሌዎቹ ጉባኤ ይልቅ የምፈራው ይህኛውን ነው። ወረቀቱ ተዘጋጅቷል፤ እማሆይ እየጠበቁኝ ነው። አድራሻውን ላኪልኝ።

አላውቅም እንዳትዪኝ።

አባትሽ አንዳርጌ ፍሥሐ ወልደአረጋይ። ጣቴን አሳርፌበታለሁ።